የበዛብህ ትምህርትና የእኛ ክፍል

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን በክፍል ውስጥ ስናስተምር ብዙዎቻችን የምናነሣው ወይ የሁለቱን ወጣቶች ፍቅር፣ ወይ የፊታውራሪ መሸሻን ትዕቢት ነው። መጽሐፉ ከታተመበት ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ ስለ እነዚህ ብዙ ተብሏል። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ መጽሐፉን በሌላ ወገን ልንመረምረው ወደናል። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በዲፕሎማትነት ብቻ ሳይሆን በትምህርት ሚኒስትርነትም ያገለገሉ ሰው ናቸው። ስለዚህ ድርሰታቸው ስለ ወላጅ፣ ስለ መምህርና ስለ ተማሪ ምን ይነግረናል? ብሎ መጠየቅ የተገባ ይመስለናል።

በመጀመሪያ ወላጆቹን እንመልከት። የማንኩሳዎቹ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ልጃቸውን በዛብህን በስለት ለእግዚአብሔር ሰጡ። ልጁም ተማረ፤ ዲማ ጊዮርጊስ ሄዶ ቅኔ ተቀኘ፤ በቀለሙም ተመሰገነ። ይሁን እንጂ ትምህርቱ ወዴት እንደሚያደርሰው የወሰነው እሱ አልነበረም። ደራሲው ግን ወላጆቹን ለነቀፌታ አላቀረቧቸውም። ያደረጉትን ሁሉ ከፍቅር እንዳደረጉት አሳይተው ፍርዱን ለአንባቢ ትተዋል። ይህ የመጽሐፉ አንዱ ብርታት ነው። ዛሬም ልጁ ገና ፊደል ሳይለይ «ሐኪም ትሆናለህ» ብሎ የወሰነ ወላጅ ከዚያ ስለት ብዙ አልራቀም። ልዩነቱ ቦጋለና ውድነሽ ስለታቸውን አክብረው ልጃቸውን እስከ መጨረሻው ማስተማራቸው ነው። ከእኛ መካከል ግን የልጁን ደብተር ዓመቱን ሙሉ ሳያይ ቆይቶ ካርድ በሚሰጥበት ቀን ብቻ የሚቆጣ ወላጅ ጥቂት አይደለም።

ቀጥሎ መምህሩንና ተማሪዋን እንይ። በዛብህ ወደ ፊታውራሪ ቤት የገባው ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ነው። በዚያ ሰፊ ግቢ ሁሉም የሚያያት እንደ ባላባት ልጅ ነው። አእምሮ እንዳላት ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ያነጋገራት ግን መምህሯ ነው። እንደ እኛ አስተያየት ከፍቅሩ በፊት ልቧን የከፈተው ይህ ነው። በዚህ ላይ አንድ ጉድለት መጥቀስ እንወዳለን። የትምህርቱ ድካም፣ ማለትም የተማሪዋ ስሕተትና የመምህሩ ትዕግሥት፣ በፍቅሩ ታሪክ ፈጥኖ ይዋጣል። ብልጫ የሚገኝበት መንገድ ሊታየን ሲጀምር መጋረጃው ይወርድብናል።

ሦስተኛው ጉዱ ካሣ ነው። የዘመኑን ሥርዓት አጥርቶ የሚያይ፣ ያየውንም ሳይፈራ የሚናገር ሰው ነው። ንግግሮቹ እየረዘሙ አንዳንድ ጊዜ ታሪኩን ያዘገያሉ፤ ገጸ ባሕርይው ቀርቶ ደራሲው ራሳቸው የሚናገሩ የሚመስልበትም ቦታ አለ። ሆኖም ርዝመቱ ሌላ ትርጉም ሊኖረው ይችላል። ጉዱ ካሣ ክፍል የሌለው መምህር ነው። የሚያደምጠው ያጣ ሰው ሲናገር ንግግሩ ይረዝማል። አካባቢው እውቀቱን ከመቀበል ይልቅ «ጉድ» ብሎ ስም ማውጣት ቀለለው።

እንግዲህ ሂሱን ወደ ራሳችን እናዙር። ይህን መጽሐፍ እንዴት ነው የምናስተምረው? «የታተመው በስንት ዓመተ ምሕረት ነው? በዛብህ ቅኔ የተማረው የት ነው?» እያልን ከሀ እስከ መ አማራጭ እንሰጣለን። አንድ ጊዜ ከእንዲህ ዓይነቱ ፈተና በኋላ መጽሐፉን ፈጽሞ ያነበበ እጁን እንዲያወጣ ክፍሉን ጠይቀን ነበር። ሦስት እጆች ብቻ ወጡ። አብዛኞቹ ግን ጥሩ ማርክ አግኝተው ነበር፤ እኛም በማርኩ ተደስተን ነበር። ያን ቀን የወደቅነው እኛ መምህራኑ መሆናችንን ተገነዘብን። ጥያቄው መጽሐፉን ሳይገልጡ የሚመለስ ከሆነ ተማሪው ለምን ይገልጠዋል?

ነገሩ በአንድ ክፍል አይወሰንም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ከየትምህርት ቤታቸው ወጥተው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲፈተኑ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ከመቶ ሆነ። ጦርነቱ፣ የመጻሕፍት እጥረቱና የመምህሩ ኑሮ ማነስ በዚህ ውስጥ ድርሻ እንዳላቸው አንክድም፤ ለእነዚህም መልስ መስጠት ያለበት ሌላ ነው። ነገር ግን በየሰሜስተሩ በካርድ ላይ የጻፍነው ሰማኒያና ዘጠና በገዛ እጃችን የተጻፈ ነው። ያ ቁጥር እውነት ቢሆን ኖሮ ውጤቱ እንዲህ ባልሆነ ነበር።

ስለዚህ መምህራን በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ መጽሐፉን ራሱን በክፍል ውስጥ እናስነብብ። «ፊታውራሪ ትክክል ናቸውን? ከመጽሐፉ ማስረጃ አምጣ» የሚል ጥያቄም እንጠይቅ። እርማቱ እንደሚያደክም እናውቃለን፤ ሥልሳና ሰባ ወረቀት በአንድ ሌሊት አያልቅም። በወር አንድ ጊዜ ቢሆን ግን ከሁሉም ይሻላል። ወላጆች ማንበብ ባይችሉ እንኳ ማታ ማታ «ዛሬ ያነበብከውን ተርክልኝ» ማለት አያቅታቸውም። ልጁ መተረክ ካቃተው አለማንበቡን ለማወቅ ፊደል መቁጠር አያስፈልግም። እናንተም ተማሪዎች ታሪኩን ከጓደኛ አፍ መልቀም ትታችሁ መጽሐፉን ግለጡት። ከላይ የሰጠነው አስተያየት ስሕተት ሆኖ ካገኛችሁት ደግሞ ገጹን ይዛችሁ ኑና ተከራከሩን።

አንድ እጅ አያጨበጭብም። የበዛብህ ወላጆች ልጃቸውን ለትምህርት ሰጡት፣ መምህራኑም አስተማሩት፣ እሱም ተማረ። ሦስቱም የየድርሻቸውን ሠርተዋል። የእኛ ድርሻ ግን ገና አልተሠራም።