«ማስታጠቅ» ወይስ «ማንቃት»? በቤት ጥበቃ ደወል ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሂስ

በመኖሪያ ቤት በር አጠገብ የሚተከለው የማስጠንቀቂያ ደወል መቆጣጠሪያ የያዛቸው ቃላት ጥቂት ናቸው። ይሁን እንጂ ስሕተትን አይታገሡም፤ ባለቤቱ ገብቶ ምስጢራዊ ቁጥሩን እስኪመታ ድረስ የሚሰጠው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥምና። በአሜሪካ በብዙ ከተሞች ተደጋጋሚ የሐሰት ጥሪ መቀጫ ያስከፍላል። ስለዚህ በዚያ ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች መመሪያ የሚተረጉም ሰው የቃላት ምርጫውን እንደ ቀላል ነገር ሊያየው አይገባም።

ቀዳሚው ችግር «አርም» እና «ዲስአርም» የተባሉት የእንግሊዝኛ ግሦች ናቸው። ቃል በቃል ሲተረጎሙ «ማስታጠቅ» እና «ትጥቅ ማስፈታት» ይሆናሉ፤ አንባቢውም ቤቱ ውስጥ ጠመንጃ የተቀመጠ ይመስለዋል። ድምፁን ብቻ መውሰድም አያዋጣም፤ «አርም» በአማርኛ «ማረም» ከሚለው ግሥ የሚወጣ ትእዛዝ ነውና። የጦር መሣሪያው ምሳሌ ደግሞ የግድ አይደለም። «አላርም» ራሱ «ወደ መሣሪያ!» ከሚል የጣሊያንኛ ጥሪ የመጣ ቢሆንም፣ የብሪታንያ እንግሊዝኛ ለዚሁ ተግባር «ሴት» እና «አንሴት» ይላል፤ ጀርመንኛም «ስል ማድረግ» በሚል ምሳሌ ይጠቀማል። እያንዳንዱ ቋንቋ ከራሱ ጓዳ አውጥቷል።

ከአማርኛው ጓዳ በመጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጣው «ዘብ ማቆም» ነው። ነገር ግን «ማቆም» መትከልም መግታትም በመሆኑ፣ የተቻኮለ ሰው «ጥበቃ ይቁም» የሚለውን በተቃራኒው ሊረዳው ይችላል። «ማብራት» እና «ማጥፋት» ደግሞ ከእውነታው ጋር ይጋጫሉ። የሌባ ጥበቃው በተነሣ ጊዜም ከሥርዓቱ ጋር የተያያዘው የጢስ ጠቋሚ 24 ሰዓት ሥራ ላይ ነው፤ «ጠፍቷል» የሚል ስያሜ ይህን ይሰውራል። በዚህም ረገድ «ኦፍ» የሚል ቁልፍ ያተሙት የእንግሊዝኛ ሠሌዳዎች ራሳቸው ከነቀፋ አያመልጡም። በእኔ አስተያየት የሚሻሉት «ማንቃት» እና «ማሳረፍ» ናቸው፤ ያረፈ ዘብ አልተሰናበተም፣ አልሞተምም።

«ስቴይ» እና «አወይ» የሚባሉትን «ቆይ» እና «ራቅ» ብሎ መተርጎም ትእዛዙ ለማን እንደ ሆነ ያደናግራል። የመጀመሪያው የበርና የመስኮት ጠቋሚዎችን ብቻ አንቅቶ የውስጡን የእንቅስቃሴ ጠቋሚ ይተዋል፤ ሁለተኛው ሁሉንም ያነቃል። ልዩነቱ ቤት ውስጥ ሰው በመኖሩና ባለመኖሩ ስለሆነ «ሰው አለ» እና «ሰው የለም» ይበቃሉ።

ከሁሉ የከበደው ባለቤቱ በወንበዴ ሲገደድ የሚመታው ቁጥር ነው። ሥርዓቱ ያረፈ መስሎ በስውር የእርዳታ ጥሪ ያስተላልፋል። ይህን «የማስገደጃ ቁጥር» ማለት ቁጥሩን የአስገዳጁ መሣሪያ ያደርገዋል፤ በ«ማ» ጀምሮ በ«ጃ» የሚያልቀው ቅርጽ መሣሪያን ያመለክታልና። «የግዳጅ ቁጥር» ደግሞ የወታደር ተልእኮን ያስታውሳል። «የተገዳጅ ቁጥር» ግን ባለቤቱን በትክክል ይለያል።

በጠቅላላው ስያሜ የሚመዘነው ከባዕዱ ቃል ጋር ባለው ዝምድና ሳይሆን፣ በጨለማ ደጃፍ የቆመ ሰው ሳያመነታ ትክክለኛውን ቁልፍ እንዲጫን በማድረጉ ነው።