«ጥሩ» ስንት ነው? የፊልም ደረጃ መስጫ ቃላት በአማርኛ

የፊልም ሂስ ፍርዱን በደረጃ ሲደመድም ቃሉና ቁጥሩ አንድ ነገር መናገር ይኖርባቸዋል። ከትምህርት ቤት ውጤትና ከሥራ አፈጻጸም ምዘና የተለመደው ባለ አምስት እርከን መለኪያ፣ ማለትም «እጅግ በጣም ጥሩ»፣ «በጣም ጥሩ»፣ «ጥሩ»፣ «መካከለኛ» እና «ዝቅተኛ»፣ ለፊልም ሲውል ይህን ግዴታ አይወጣም።

በዚህ መለኪያ ሦስቱ የላይኛ እርከኖች በአንድ ቅጽል ላይ የተመሠረቱ ናቸው። «ጥሩ» የሚውለው በ3 ቁጥር ላይ ነው። ይህ የመለኪያው እኩሌታ ቢሆንም ቃሉ ግን ምስጋና ነው። «መካከለኛ» በአንጻሩ በ2 ላይ፣ ከመካከል በታች ይገኛል። ስለዚህ ሐያሲው ሚዛናዊ ፍርድ ለመስጠት 3 ሲል አንባቢው ፊልሙ እንደተመሰገነ ይረዳል። ለግልጽ ነቀፌታ የቀረው አንድ እርከን ብቻ በመሆኑም፣ ድምፁ የተበላሸ ነገር ግን ታሪኩ የሚያዝ ፊልምና ምንም የሚያዝ ነገር የሌለው ፊልም «ዝቅተኛ» ተብለው እኩል ይወድቃሉ።

ቃላቱን በሌሎች መተካት ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። «ደህና ሰው» ሲባል ምስጋና ነው፤ «ፊልሙ ደህና ነው» ሲባል ግን እንደ ድምፁ ቃና ማድነቅም ማቃለልም ሊሆን ይችላል። «አይከፋም» በቅርጹ የነቀፌታ አፍራሽ ሲሆን በአገልግሎቱ ቁጥብ ምስጋና ነው። በንግግር ቃናው የሚለየውን ጽሑፍ አይለየውም። «እጅግ ጥሩ» እና «በጣም ጥሩ» ለየብቻ ሲቀርቡም የትኛው እንደሚልቅ ቃላቱ ራሳቸው አይወስኑም፤ ልዩነቱ የሚታየው ሁለቱ አጠንካሪዎች ሲደራረቡ ነው።

አንድ ጠቅላላ ደረጃ የሚሸፍነውን ልዩነት ሁለት ፊልሞች ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» የአንበርብርን ሕይወት በጊዜ ቅደም ተከተል ሳይሆን በትዝታ ወደፊትና ወደኋላ እያመላለሰ ይተርካል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» ደግሞ የጠለፋ ጋብቻን በፍርድ ቤት ክርክር በኩል ያቀርባል። ለመጀመሪያው የተሰጠ «ጥሩ» የአተራረኩን ይሁን የተዋንያኑን ብቃት አይገልጽም፤ ለሁለተኛው የተሰጠ «በጣም ጥሩ» የጉዳዩን ክብደት ይሁን የፊልሙን አሠራር ያመሰገነ አይታወቅም። አንባቢው የጉዳዩን ምስጋና የጥበቡ ምስጋና አድርጎ ሊወስደው ይችላል።

ግልጽ መለኪያ ከሚዛን ግስ ሊነሣ ይችላል፦ «ብርታቱ እጅግ ያመዘነ»፣ «ብርታቱ ያመዘነ»፣ «ብርታቱና ጉድለቱ የተካከለ»፣ «ጉድለቱ ያመዘነ»፣ «ጉድለቱ እጅግ ያመዘነ»። እዚህ 3 በእርግጥ መካከል ነው፤ ምስጋናና ነቀፌታ እኩል እርከን አላቸው፤ አጠንካሪውም አንድ ብቻ ነው። ደረጃው ለታሪክ፣ ለትወና፣ ለምስልና ለድምፅ ለየብቻ ቢሰጥ የፍርዱ ምክንያት ይታያል። በእርከኖቹ መካከል ያለው ርቀት እኩል ስለመሆኑ ማረጋገጫ እስከሌለ ድረስ ግን ቁጥሮቹን ደምሮ አማካይ ማውጣት አይገባም።

ስያሜዎቹ ከመጽደቃቸው በፊት ተዘበራርቀው ለተለያየ አካባቢ ተናጋሪዎች መቅረብ አለባቸው፤ ተናጋሪዎቹ በአንድ ቅደም ተከተል የማያስቀምጡት ስያሜ ይወገዳል። እንዲህ ያሉ ሐረጎች ከ«ጥሩ» ይልቅ ይረዝማሉ፣ ለጆሮም ይደርቃሉ። ሆኖም የፊልም ሠሪውን የዓመታት ድካም በአንድ ቃል የሚዳኝ ሰው፣ ቃሉ ከፍርዱ እንዳያንስም እንዳይበልጥም የመጠንቀቅ ዕዳ አለበት።