ቫቪሎቭና የብቸና ገበሬ

ስለ ሩሲያዊው የዘር ውርስ ሊቅ ስለ ኒኮላይ ቫቪሎቭ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው አሟሟታቸው ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1887 ተወልደው፣ ከአምስት ክፍለ ዓለማት የእህል ዘር ሲሰበስቡ ኖሩ። ስታሊን ይደግፈው የነበረው ሊሴንኮ ከነወገኖቹ ከተነሣባቸው በኋላ በ1940 ታሰሩ፤ ዓለምን ከረኃብ ለማዳን የደከሙት ሊቅ በ1943 በሳራቶቭ ወኅኒ ቤት በረኃብ ሞቱ። ነገሩ ያሳዝናል፤ ሆኖም ሐዘን ሥራቸውን ከመመርመር ሊያግደን አይገባም።

ቫቪሎቭ በ1926 ባሳተሙት ሥራቸው፣ አንድ እህል እጅግ ብዙ ዓይነት ሆኖ የሚታይበት አገር መገኛው ነው ብለው አስተማሩ። በ1927 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው የስንዴውንና የገብሱን ልዩ ልዩነት በዓይናቸው ተመለከቱ፤ አገራችንንም ከእህል መገኛዎች አንዷ አድርገው ቈጠሯት። ይህ ፍርድ ለጤፍ ትክክል ነው። ለስንዴና ለገብስ ግን አልጸናም፤ የዱር ወላጆቻቸው የሚገኙት በመካከለኛው ምሥራቅ ነውና።

እንግዲያው ወላጁ ከሩቅ የሆነ እህል በእኛ ዘንድ ስለ ምን እንዲህ በዛ? መልሱ ከብቸናና ከሞጣ ማሳ ላይ ይገኛል። በቆላማው ሙቀቱ፣ በመረሬው መሬት የክረምቱ ውኃ፣ ወደ ጮቄ ሲወጣ ብርዱ ለየቦታው የሚስማማውን ዘር ለዩ። ገበሬውም ያማረውን ዛላ ለዘር እየመረጠ፣ ጤፉን ማኛ፣ ነጭ፣ ሠርገኛ፣ ቀይ ብሎ እየሰየመ፣ ባለቤቱም ዘሩን ከሚበላው ለይታ በጎታ እያኖረች፣ ሥራው ከትውልድ ወደ ትውልድ ተላለፈ። እህልን ከማግኘት ይልቅ ማበጀት ይበልጣልና፣ የሊቁ ስሕተት ሲታረም የገበሬያችን ክብር ከፍ ይላል እንጂ አይቀንስም።

ይህን በሥራ ያሳዩ ዶክተር መላኩ ወረደ ናቸው። ከ1979 እስከ 1993 በአዲስ አበባ የዕፅዋት ዘር ሀብት ማዕከልን ሲመሩ፣ ዘር በቀዝቃዛ ክፍል ከመቀመጡም ሌላ በገበሬው ማሳ ላይ እንዲጠበቅ ደከሙ፤ በ1989ም የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሰጣቸው። በቀዝቃዛ ክፍል ያለ ዘር እንዳለ ይቆያል፤ በማሳ ያለው ግን ከበሽታና ከድርቅ ጋር እየታገለ ይለወጣል።

ምርጥ ዘር ምርትን ያበዛልና አንነቅፈውም። ነገር ግን አንድ ዓይነት ዘር አገሩን ሁሉ ቢሸፍን አንድ በሽታ ሁሉን ሊያጠፋ ይችላል፤ ያን ጊዜ መጠጊያው ያው የተናቀው የአያት ዘር ነው። በብቸና ስም የተጠራ የፓስታ ስንዴ ዝርያ አለ። ስሙ በመዝገብ መግባቱ መልካም ነው፤ ዘሩም ከባለቤቱ ጎታ እንዳይጠፋ የግብርና ሹሙና መምህሩ ሊያስቡበት ይገባል እንላለን።