ምድጃዋ ላቀች፤ ባለምድጃዋስ?

ባለፈው የማስተማር ልምምድ ወቅት ከአንድ እጩ መምህር ክፍል ኋላ ተቀምጠን ትምህርቱን እንከታተል ነበር። የዕለቱ ርእስ «የኃይል ምንጮች» ነው። እጩ መምህሩ በደንብ ተዘጋጅቷል። ውሃ፣ ነፋስ፣ ፀሐይ፣ የከርሰ ምድር እንፋሎት ብሎ ሰሌዳው ላይ በአራት ረድፍ ከጻፈ በኋላ የእያንዳንዱን ጥቅም በሜጋዋት እየመነዘረ አስረዳ። በመጨረሻም ጥያቄ ያለው እንዲጠይቅ ሲጋብዝ ከኋላ ረድፍ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ እጇን አነሣችና «ቲቸር፣ እናቴ ቤት ውስጥ የምታበስልበት ከየትኛው ነው የሚመደበው?» አለች። እጩ መምህሩ ጥቂት ካሰበ በኋላ «ማገዶ ኋላ ቀር ስለሆነ እዚህ ውስጥ አልጻፍነውም» ሲል መለሰላት። ተማሪዋም ዝም ብላ ተቀመጠች።

እኛም በመገምገሚያው ወረቀት ላይ ለዝግጅቱና ለሰሌዳ አጠቃቀሙ ጥሩ ነጥብ ሰጥተን፣ ስለዚያ መልስ ግን አንዳች ሳንጽፍ ወጣን። ስለሆነም ይህ ሂስ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያርፈው በእኛው በአሠልጣኞቹ ላይ ነው። ያን ቀን ሳንጽፈው የቀረነውን አስተያየት አሁን ዘርዘር አድርገን ለማቅረብ እንሞክራለን።

የምንለው በአጭሩ ይህ ነው። ከጭስ ወደ ንጹሕና ታዳሽ ኃይል የሚደረገው ሽግግር በሜጋዋት ብቻ ሲለካ፣ ማን እንደሚሸከም፣ ማን እንደሚወስንና ማን እንደሚጠቀም ከዓይን ይሰወራል። ይህንንም ለማሳየት ከጎረቤታችን ከኬንያ ዋና ከተማ ከናይሮቢ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም። በአዲስ አበባ ብዙ ቤቶች የምትታወቀው «ላቀች» የከሰል ምድጃ ዘሯ የሚቆጠረው ከዚያ ነውና። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሌላ ካልተባለ በስተቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የናይሮቢው ምድጃ

በነሐሴ ወር 1981 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ስለ አዲስና ታዳሽ የኃይል ምንጮች የሚመክር ጉባኤ በናይሮቢ አድርጎ ነበር። በዚያን ጊዜ የነዳጅ ዋጋ መናር ዓለምን ሁሉ ያስጨነቀ ሲሆን፣ በአፍሪቃ ደግሞ የማገዶ እጦት ሌላው ችግር መሆኑ በሰፊው ይነገር ጀመር። ከዚሁ ጉባኤ በኋላ በነበሩት ዓመታት የኬንያ ባለሙያዎችና የእጅ ሠራተኞች ከታይላንድ ባልዲ መሰል ምድጃ ሐሳብ ወስደው «ሴራሚክ ጂኮ» የተባለውን የከሰል ምድጃ ሠሩ። «ጂኮ» በስዋሂሊ ምድጃ ማለት ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከውጭ ወገቡ የጠበበ የቆርቆሮ ልባስ አለው፤ ከውስጥ የተተኮሰ ሸክላ ተገጥሞለታል። ሸክላው ሙቀቱን ይዞ ወደ ድስቱ ይመልሰዋል፤ በቀድሞው የቆርቆሮ ምድጃ ግን ብዙው ሙቀት በጎን ያመልጥ ነበር። በዚህም ምክንያት ከሰል ከመቶ ከ30 እስከ 50 እጅ ይቆጥባል። በ1990ዎቹ አጋማሽ በኬንያ ከ700,000 የሚበልጡ እንዲህ ያሉ ምድጃዎች በሥራ ላይ ነበሩ። ይህ ሁሉ የተሠራው በትልቅ ፋብሪካ አይደለም። ሠሪዎቹ «ጁዋ ካሊ» ማለትም «ኃይለኛ ፀሐይ» የሚባሉት፣ ጥላ በሌለበት ሜዳ ላይ ቆርቆሮ እየቀጠቀጡ የሚያድሩ የእጅ ሠራተኞች ናቸው።

እንግዲህ ይህ ምስጋና የሚገባው ሥራ መሆኑን ሳንሸሽግ እንናገራለን። በአገር ሰው እጅ፣ በአገር አፈርና በገበያ ዋጋ የተሠራ ዕቃ ነው። ስለ ምድጃው የሚጻፈው ግን ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ያቆማል። የእኛ ሂስ የሚጀምረውም ከዚሁ ነው።

አንደኛ፣ የቆጠበው የማንን ነው? ሴራሚክ ጂኮ ከሰል ለሚገዛ የከተማ ሰው ገንዘብ ይቆጥባል። ማገዶዋን ከጫካ ለቅማ በጀርባዋ ለምታመጣ የገጠር ሴት ግን የከሰል ምድጃ ምን ያደርግላታል? የእርሷ ወጪ ሽልንግ ሳይሆን ሰዓትና ጉልበት ነው፤ ሰዓትና ጉልበት ደግሞ ደረሰኝ የላቸውም። በከተማም ቢሆን ከሰል በማዳበሪያ መግዛት የሚችለውና ለዕለት ራቷ በጣሳ የምትገዛዋ ድኻ እኩል አይደሉም። በጣሳ የሚገዛ ሰው ለአንድ ኪሎ የሚከፍለው ይበልጣል፤ የሚቆጥበውን ምድጃ በአንድ ጊዜ ከፍሎ ለመግዛትም አቅሙ የሚያንሰው እርሱው ነው።

ሁለተኛ፣ የወሰነው ማነው? የመጀመሪያዎቹ ምድጃዎች ጉድለት አላጣቸውም ነበር፤ ሸክላው ይሰነጠቅ ነበር። መሻሻል የመጣው ወጥ የምታማስለዋን ሴት ጠይቆ ቅሬታዋን በመስማት ጭምር ነው። በቤተ ሙከራ ውሃ አፍልቶ ከሰል መመዘን አንድ ነገር ነው፤ ልጅ ባዘለች ሴት እጅ ገንፎ ሲገነፋ ምድጃው መንገዳገድ አለመንገዳገዱን ማወቅ ግን ሌላ ነው። ይህን ዕውቀት የያዘችው ሴት በብዙ ቦታ የምትጠየቀው ዕቃው ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ነው።

ሦስተኛ፣ ያተረፈው ማነው? የቆርቆሮው ሥራ በአብዛኛው የወንዶች ሙያ በመሆኑ ገቢውም ወደዚያው ሄደ። በምዕራብ ኬንያ ግን ከዚህ የተለየ ነገር ታይቷል። በዚያ አገር ሸክላ ከጥንት የሴቶች ሙያ ነው። ስለዚህ ለገጠር የሚስማማው የእንጨት ምድጃ ሸክላ ሲታቀድ የሴቶች የሸክላ ማኅበራት እየሠሩ ይሸጡት ጀመር። በዚህ ጊዜ ጭሱም ቀነሰ፣ ገንዘቡም ወደ ሴቶቹ እጅ ገባ። ከዚህ የምንረዳው ልዩነቱ በጭቃውና በቆርቆሮው ላይ ሳይሆን ሥራውን ባደራጀው ሰው ሐሳብ ላይ መሆኑን ነው።

ሦስት ጉባኤዎች በአንድ ከተማ

ናይሮቢ ከ1981ዱ ጉባኤ ሌላ ሁለት ታላላቅ ስብሰባዎችን አስተናግዳለች። በሐምሌ 1985 ሦስተኛው የተባበሩት መንግሥታት የሴቶች ጉባኤ ተደርጎ «የናይሮቢ ወደፊት ተመልካች ስልቶች» የተባለው ሰነድ ወጣ። ይህ ሰነድ ስለ ኃይል የሚናገር ክፍል ያለው ከመሆኑም በላይ፣ ሴቶች ያለ ደመወዝ የሚሠሩት ሥራ በአገሮች የኢኮኖሚ ስሌት ውስጥ እንዲቆጠር ጠይቋል። በመስከረም 2023 ደግሞ የአፍሪቃ የአየር ንብረት ጉባኤ በዚያው ከተማ ተሰብስቦ፣ የአህጉሪቱ የታዳሽ ኃይል የማመንጨት አቅም በ2022 ከነበረበት 56 ጊጋዋት ተነሥቶ በ2030 ቢያንስ 300 ጊጋዋት እንዲደርስ ጥሪ አቀረበ።

ሁለቱን ጥያቄዎች ጎን ለጎን አስቀምጠን ስናነብባቸው አንድ ነገር ይታየናል። ጊጋዋቱ ቁጥርና የጊዜ ገደብ አለው። በጀርባ የሚጓዘው ማገዶ ግን እንዲቆጠር ከተጠየቀ 38 ዓመት ካለፈ በኋላም እንዲያ ያለ ገደብ የለውም። የምናደንቀው ግብ ሁሉ ቁጥር ያለው ከሆነ፣ ያልተቆጠረው ነገር ግብ ሊሆን አይችልም ማለት ነው።

የዋንጋሪ ማታይን ሥራ ለየት የሚያደርገውም ይኸው ነው። በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ መምህርት የነበሩት እኚህ ሴት በ1977 የአረንጓዴ መቀነት ንቅናቄን ሲጀምሩ የተነሡት ከገጠር ሴቶች እሮሮ ነበር፤ ማገዶ ራቀን፣ ውሃ ደረቀብን ከሚለው። ችግኝ ለሚያፈሉት ሴቶችም ለጸደቀላቸው ችግኝ ጥቂት ገንዘብ ይከፈላቸው ነበር። በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት የተሰጣቸው መምህርት ሥራቸውን የጀመሩት በመጠየቅና በመስማት መሆኑን እኛ መምህራን ልብ ልንለው ይገባል።

አምፖሉና ድስቱ

በ2019 በተደረገው የኬንያ ሕዝብና ቤቶች ቆጠራ መሠረት ከመቶ ቤተሰብ 50.4 የሚሆነው ለመብራት የሚጠቀመው ከዋናው መስመር በሚመጣ ኤሌክትሪክ ነበር። ለማብሰል በዋናነት ኤሌክትሪክ የሚጠቀመው ግን ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም፤ 0.9 ነው። ከመቶ 55.1 የሚሆነው ቤተሰብ በእንጨት፣ 11.6 የሚሆነው ደግሞ በከሰል ያበስል ነበር። ኬንያ የኤሌክትሪክ ኃይሏን በአብዛኛው ከከርሰ ምድር እንፋሎት፣ ከውሃ፣ ከነፋስና ከፀሐይ የምታገኝ አገር ናት። እንግዲህ ንጹሑ ኃይል አምፖሉ ጋ ደርሷል፤ ድስቱ ጋ ግን አልደረሰም ማለት ነው።

ምክንያቱን ለተማሪዎች በፊዚክስ ማስረዳት ይቻላል። የ10 ዋት አምፖል 5 ሰዓት ቢበራ የሚፈጀው 50 ዋት ሰዓት ነው። የ1,500 ዋት ምድጃ 2 ሰዓት ቢሠራ ግን 3,000 ዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ይህም 60 እጥፍ ነው። ከ2012 ጀምሮ ከናይሮቢ ተነሥቶ የተስፋፋው፣ በስልክ ጥቂት በጥቂት እየተከፈለ የሚገዛው አነስተኛ የፀሐይ ኃይል መሣሪያም አምፖል ያበራል፣ ስልክ ይሞላል፣ ሬዲዮ ያስነግራል፤ ድስት ግን አያፈላም። ተማሪው በአምፖሉ ሥር ደብተሩን ያነብባል፤ እናቱ ከግድግዳው ወዲያ ጭስ ውስጥ ናት። ሁለቱም በአንድ ቤት ይኖራሉ፤ ቤቱ ግን በመዝገብ «ኃይል ያገኘ» ተብሎ ተጽፏል። የዓለም የጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት በ2020 በዓለም 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሞቱ ገምቷል። ጭሱን አብልጠው የሚተነፍሱት ደግሞ ሴቶችና አብረዋቸው የሚውሉት ሕፃናት ናቸው።

የገቢ ልዩነቱም በዚሁ ላይ ይደረባል። በናይሮቢ ከተማ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ቤተሰብ በ2019 የሚያበስለው በቡታጋዝ ነበር። ይሁንና የኬንያ መንግሥት በ2018 መጨረሻ በላምባ ላይ በሊትር 18 ሽልንግ ቀረጥ ጣለ። ዓላማው ላምባን ከናፍጣ ጋር የሚቀላቅሉትን ነጋዴዎች መከላከል ነበር፤ የጠባቦቹ መንደሮች ነዋሪ ግን የሚያበስልበት ላምባ ተወደደበት። በዚያው ዓመት እንጨት መቁረጥ በመከልከሉ የከሰልም ዋጋ ናረ። ሐምሌ 2021 ደግሞ በቡታጋዝ ላይ ከመቶ 16 የተጨማሪ እሴት ታክስ ተጀመረ፤ በ2022 ወደ 8 ወረደ፣ በ2023 ተነሣ። ሕጎቹ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ምክንያት አላቸው። ሦስቱም ግን ዕለት በዕለት ራት በምታበስለው ድኻ ሴት ቦርሳ ላይ ተገናኙ።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

ይህን ሁሉ ያነሣነው ጎረቤት ለመውቀስ አይደለም። ከኅዳር 2022 ጀምሮ ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ከናይሮቢ አጠገብ እስካለችው ሱስዋ ድረስ 1,045 ኪሎ ሜትር በተዘረጋው መስመር የእኛ ኤሌክትሪክ ለኬንያ እየተሸጠ ነው። ታላቁ የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ይህ የሚያኮራ ነው። ነገር ግን በእንጦጦ ዳገት የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱትን ሴቶች ያላየ የአዲስ አበባ ሰው የለም። በገጠርም አብዛኛው ቤተሰብ ዛሬም የሚያበስለው በእንጨትና በኩበት ነው። እንጀራ የሚጋገርበት «ምርጥ» ምድጃም ሆነ የናይሮቢዋ ዘመድ «ላቀች» ለአገራችን ጠቅመዋል። ስማቸውን ግን ልብ እንበል። ምድጃዋ ላቀች፤ ምድጃዋ ሥር ተንበርክካ እፍ የምትለውስ ላቀች ወይ?

አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቻችን «ጊዜ ስጡት፣ ኤሌክትሪኩ ሲዳረስ ሁሉም ይስተካከላል» ይላሉ። መስመር ሳይዘረጋ ድስት እንደማይፈላ እናምናለን። ነገር ግን የኬንያው ቆጠራ እንደሚያሳየው መስመሩ ቤት ከደረሰ በኋላም ምድጃው ባለበት ሊቀር ይችላል። ማን እንደሚከፍል፣ በቤት ውስጥ የገንዘቡን ቦርሳ ማን እንደያዘ፣ የማን ሰዓት ዋጋ እንዳለው ካልተጠየቀ ጊዜ በራሱ አያስተካክለውም።

ስለዚህ ለመምህራን የምናቀርበው አሳብ ቀላል ነው። «የኃይል ምንጮች» በሚለው ትምህርት ማገዶ፣ ከሰልና ኩበት በሰሌዳው ላይ ይጻፉ። ተማሪዎችም ለአንድ ሳምንት በየቤታቸው ማገዶ፣ ውሃና ምግብ ማብሰል የሚወስደውን ሰዓት፣ የሚሠራው ወንድ ይሁን ሴት፣ ዕድሜውንም ጭምር መዝግበው ያምጡ፤ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ይደምሩት፣ በግራፍ ያሳዩት። ስም ግን አይጻፍ፤ የማንም ቤት ድኽነት በክፍል ውስጥ መጋለጥ የለበትም። ከዚያ በኋላ ስለ እያንዳንዱ አዲስ ኃይል ሦስቱ ጥያቄዎች ይጠየቁ፤ ማን ይሸከማል? ማን ይወስናል? ማን ያተርፋል?

ያችን ተማሪ ዳግም አላገኘናትም። እጩ መምህሩን ግን አግኝተን መልሱን አብረን አረምነው። በሚቀጥለው ልምምድ ሰሌዳውን በአምስት ረድፍ ከፈለው፤ በመጀመሪያው ረድፍም «ማገዶ» ብሎ ጻፈ።