ከሥራ ፈላጊነት የተነሣው ጀግና
ኮሚክስ፣ ማለትም ታሪክን በተከታታይ ሥዕሎችና ከተናጋሪው አፍ አጠገብ በሚሰፍር ንግግር የሚተርክ የመጽሐፍ ዓይነት፣ ለአማርኛ አንባቢ ብዙም ባልተለመደበት ጊዜ፣ ብስራት ደበበ ያቋቋመው ትንሹ አሳታሚ ኤታን ኮሚክስ በ2018 (እ.ኤ.አ.) «ጀምበር»ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ማቅረቡ ታላቅ ምስጋና የሚገባው ሥራ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ አማኑኤል ጥላሁን ተመርቆ በአዲስ አበባ ሥራ ሲፈልግ ከሰው በላይ የሆነ ኃይል የሚያገኝ ወጣት ሲሆን፣ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ በተለይም በካዛንቺስ መሥሪያ ቤቶች ደጃፍ፣ የትምህርት ማስረጃውን በፋይል ይዞ የሚመላለስ ተመራቂ ይህን ኑሮ ያለ አስረጂ ያውቀዋል፤ የደራሲው ብልኅነት ጎልቶ የሚታየውም ጀግናውን ከዚሁ የዕለት ተዕለት ውጣ ውረድ በማስነሣቱ ነው። ከዚሁ አሳታሚ ቀጥላ የመጣችው ኮሚክስ «ሃዊ» ደግሞ ጀግንነቱን በአሜሪካ ለምትኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊት ሰጥታለች።