የጅብ ሽንኩርት

አማርኛችን ያልተመቸውን ሁሉ ለጅብ ይሰጣል፤ እንጉዳዩ የጅብ ጥላ፣ ይህ የአማሪሊስ ዘመድ ደግሞ የጅብ ሽንኩርት። ሥሩ መርዛም ነውና ጅቡም የሚደፍረው አይመስለኝም።

የበልጉ ዝናብ ጠብ ሲል፣ ከባሕር ዳር ወደ ፎገራ በሚወስደው መንገድ ባለው ሜዳ፣ ከተሰነጣጠቀው ዋልካ ነጭ አበባው ብቅ ይላል። ሽታው ሲመሻሽ ይበረታል።

እኔም ግቢዬ ተክየዋለሁ፣ አንገቱን ከአፈር በላይ ትቼ። በጋውን ውኃ አላጠጣውም። ጎረቤቴ «ደረቀብሽ እኮ!» ትለኛለች፤ አልሰማትም፤ እንቅልፍ ላይ ነው።

ከአበባው ይልቅ የሚደንቀኝ ዘሩ ነው፦ ድቡልቡል፣ ሥጋማ፣ ውኃውን በሆዱ የያዘ። አንዱን መስኮት ላይ ረስቼው ያለ አፈር፣ ያለ ጠብታ በቀለ። ለማበብ ዓመታት ይፈልጋል። ለጊዜው በአሮጌ የወተት ጣሳ ውስጥ ሁለት ቅጠል አውጥቷል።