ፓትሪክ ቤትማን መቼ ነው ሥራ የሚሠራው?

ታናሽ ወንድሜ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ወረቀት ለጥፎ አገኘሁት። ከሌሊቱ 11 ሰዓት መነሳት፣ በቀዝቃዛ ውኃ መታጠብ፣ 100 ፑሽአፕ፣ ስልክ አለመንካት። (ፕሮግራሙን ያገኘው ከስልኩ መሆኑን ልብ በሉልኝ።) ከወረቀቱ ሥር የሰውዬው ፎቶ አለ፦ ክርስቲያን ቤል፣ «አሜሪካን ሳይኮ» ላይ ፓትሪክ ቤትማንን ሆኖ ሲተውን።

ወንድሜ ፊልሙን አላየውም ነበር። ያየው ቲክቶክ ላይ የሚዞሩትን የ15 እና የ20 ሰከንድ ቁርጥራጮች ነው። ከኋላ ከባድ ሙዚቃ፣ ከላይ «ሲግማ» የሚል ጽሑፍ። ሲግማ ማለት በነሱ ቋንቋ ማንንም የማይለምን፣ ብቻውን የሚያድግ፣ ስሜቱን የማያሳይ ወንድ ነው። ቤትማን የዚህ ሃይማኖት ቅዱስ ሆኗል ማለት ይቻላል።

ችግሩ ፊልሙ የተሠራው በዚህ ሰውዬ ለመሳቅ መሆኑ ነው። የብሬት ኢስተን ኤሊስን የ1991 ልቦለድ በ2000 ወደ ፊልም ያመጣችው ሜሪ ሃረን ናት፤ ስክሪፕቱንም የጻፈችው ከሌላ ሴት፣ ከጊኒቪር ተርነር ጋር ነው። ቤትማን በ1980ዎቹ ማብቂያ ዎል ስትሪት የሚሠራ ሀብታም ወጣት ነው፤ ማታ ማታ ደግሞ ሰው ይገድላል፣ ወይም የሚገድል ይመስለዋል። ያ የታወቀው የጠዋት ትዕይንት፣ በረዶው፣ ስፖርቱ፣ የፊት ቅባቱ፣ የሚያልቀው ራሱ ቤትማን ከዚህ ሁሉ ቆዳ ሥር ማንም እንደሌለ እየነገረን ነው። ቁርጥራጮቹ ላይ ይህ ድምፅ ወይ ተቆርጧል፣ ወይ ሙዚቃው ውጦታል።

ሶፍትዌር ነው የምሠራው፤ ስለዚህ ይሄ ነገር በሴራ እንደማይሆን አውቃለሁ። ማንም ተቀምጦ «ምጸቱን አውጡት» ብሎ ኮድ አልጻፈም። ሲስተሙ የሚያየው ሰው ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው አየው ወይ፣ ደገመው ወይ የሚለውን ነው። ምጸት ግን ጊዜ ይፈልጋል። አሁን ያየኸው ነገር ከ40 ደቂቃ በኋላ ሌላ ትርጉም እንዲሰጥህ መቀመጥ አለብህ። የ15 ሰከንድ ቪዲዮ 40ኛ ደቂቃ የለውም። የሚቀረው የሰውዬው ትከሻ ነው።

ፊልሙም ቢሆን ንጹሕ ነው አልልም። ሃረን ቤትማንን የቀረጸችው በጣም አሳምራ ነው፤ ብርሃኑም፣ ሱፉም፣ ቤቱም ያምራል። እንድንስቅበት ትፈልጋለች፣ ግን ከሱ ሌላ መሆን የምንመኘው አንድም ወንድ አላስቀመጠችልንም። ስለዚህ ቆራጮቹ ብዙ መዋሸት አላስፈለጋቸውም። ግማሹን ሥራ ካሜራው ሠርቶላቸዋል።

ወንድሜን ግን ሞኝ ነው ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከወሰዱት ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3 ከመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። እሱ ከቀሩት ውስጥ ነው። 12 ዓመት ሙሉ ጠዋት መነሻ ምክንያት ነበረው፤ ውጤት የታየ ቀን ያ ምክንያት ጠፋ። እኔ ምን ሰጠሁት? «አይዞህ፣ ኮዲንግ ተማር» አልኩትና ወደ ሥራዬ ሄድኩ። ቤትማን ቢያንስ የመነሻ ሰዓት ሰጠው።

ቅዳሜ ማታ ላፕቶፔን ከፍቼ አብረን አየነው። የቢዝነስ ካርዱ ትዕይንት ላይ ሳቀ፦ ሁሉም ምክትል ፕሬዚዳንት ናቸው፣ የሁሉም ካርድ ነጭ ነው፣ ቤትማን ግን የሌላው ካርድ በለጠው ብሎ ያልበዋል። እርስ በርሳቸው እንኳን ስም ያሳስታሉ። ትንሽ ቆይቶ ወንድሜ ቪዲዮውን አቆመና «ቆይ ግን፣ ይሄ ሰውዬ መቼ ነው ሥራ የሚሠራው?» አለኝ።

እኔ ፊልሙን ሦስቴ አይቼዋለሁ፤ አንዴም አልጠየቅኩም። እውነቱን ነው። ቢሮው ውስጥ ሙዚቃ ያዳምጣል፣ ቲቪ ያያል፣ ምሳ የት እንደሚበላ ይጨነቃል። አንድ ነገር ሲሠራ፣ ለአንድ ሰው ሲጠቅም አናየውም። ወደ መጨረሻው ጸሐፊው የቀጠሮ ደብተሩን ከፍታ ስታገላብጥ ገጹ ሁሉ ሴቶች ሲገደሉ የሚያሳይ ስዕል ነው። ወንድሜ እዚያ ላይ ምንም አላለም።

ፎቶውን በነጋታው አነሳው። ወረቀቱ እዚያው አለ። አሁንም 11 ሰዓት ላይ ውኃው ሲፈስ እሰማለሁ፤ ከ100 ፑሽአፕ በኋላ ያለው ቦታ ግን ባዶ ነው፣ ምን እንደሚጽፍበት ገና አልወሰነም። ትናንት ሰፈራችን ያለው ሞባይል ጠጋኝ ጋ ልጠይቅ ወይ ብሎኝ ነበር። ነገ አብረን እንሄዳለን።